እጃጂ ያለፈው ካርቶን

«አንቺ ምላስሽ ነው እንጂ ክፉ፣ እጅሽ ንጹሕ ነው» አሉኝ ኦቦ ጉደታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ፊት ለፊቴ።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴም ዋሸሁ አልኩ እንጂ ምን ብዬ እንደዋሸሁ አልነገርኩም። አሁን ግን ይዤው መቀመጥ አቃተኝ፤ ስቀመጥ ያስነሳኛል፣ ስነሳ ያዞረኛል።

አምቦ ላይ ድምፅ ማጉያ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ያሳደገኝ ወንድሜ ሥዩምና ኦቦ ጉደታ። ሱቆቻቸው ፊት ለፊት ነበሩ። ሣጥኑን አናጺ ያበጅላቸዋል፣ ሽቦውን ራሳቸው ይበይዳሉ፣ ለትምህርት ቤትና ለገበሬ ማኅበር ይሸጣሉ። የእኛው «እዝዝዝ» ይላል። የሳቸው እንደ ሰው ይናገራል። ይህን ወንድሜም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ዳይሬክተሮች አምቦ ሊሰበሰቡ ሆነ። ስብሰባው ላይ ሠርቶ የተሰማው መሣሪያ ለየትምህርት ቤቱ ይታዘዛል ተባለ። ኦቦ ጉደታ ሁሉን ጨርሰው ጥፍር የምታክል ትራንዚስተር ብቻ ቀረቻቸው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ትመጣለች። እኛ ጋ ዕቃ ለረዳቱ ይሰጣል፤ ረዳቱ መናኸሪያ ላይ ስም ይጠራል፤ የተገኘ ይቀበላል። እግራቸውን ስለሚያማቸው የሳቸውንም የምቀበለው እኔ ነበርኩ። የተፎካካሪያቸው እህት! እንዲህስ ይታመናል?

ያን ቀን ረዳቱ ቶሎሳ ካርቶኑን ይዞ ከአውቶቡሱ በር ጮኸ። «የጉደታ! ውሰጂ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ?»

«እሳቸው እጃጂ ሄደዋል፤ እዚያው ይቀበሉሃል» አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ወንድሜ አላዘዘኝም። አፌ ቀደመኝ እንዳልል ከቤት ስወጣ ጀምሮ አስቤዋለሁ። አውቶቡሱ ጭሱን ለቆብኝ ከአምቦ አልፎ ወደ እጃጂ ሄደ፤ እኔም ኦቦ ጉደታ ዘንድ ገብቼ «ዛሬም አልመጣም» አልኩ።

ስብሰባው ላይ የእኛው እዝዝዝ እያለ ተናገረ። የሳቸው ተወልውሎ፣ ዲዳ ሆኖ ሱቃቸው ተቀመጠ። ትእዛዙ ሁሉ ለእኛ ሆነ። «ጉደታ ጎበዝ ነው፣ ግን ያዘገያል» የሚል ስም ወጣላቸው። ከዚያ በኋላ በሰዓቱ ቢያደርሱስ ማን ይስማቸው? ሱቁን ዘግተው ሸነን ከተማ ገቡ፤ ከባዶ ጣሳ ኩራዝ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ወንድሜስ? የሚፎካከረው ሲጠፋ ለምን ብሎ ይድከም? ዛሬም ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ያው እዝዝዝ ከትምህርት ቤቱ ይመጣል። ጆሮዬን ብደፍንም ይሰማኛል።

የባሰው ግን ይህ አይደለም። ከስብሰባው በኋላ ካርቶኑ ተቀባይ አጥቶ ከሰነበተበት የእጃጂ ሱቅ ሲመለስ፣ ኦቦ ጉደታ እያነከሱ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ቶሎሳን አነቁት። «እሷ ናት እጃጂ አድርስ ያለችኝ!» አለ በጣቱ እያሳየኝ። እጅሽ ንጹሕ ነው ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። ወደሱ ዞረው ደግሞ «ዋሾ! በልጅቷ ታላክካለህ?» አሉት። እዚያው ቆሜ ነበር። ያ ክፉ የተባለው ምላሴ የት ገባ? ባለ አውቶቡሱ ቶሎሳን አባረረው። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ለወንድሜ ብዬ ነውም አልልም።

ባለፈው ሳምንት ሸነን ሄድኩ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ፣ እንደ ድሮው ልጄ ብለው፤ በርጩማ አቀረቡልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቅር በሉኝ አላልኩም፤ በየትኛው አፌ? ጣሳውን መቀጥቀጣቸውን ቀጠሉ፤ ቆይተው መዶሻውን አስቀመጡ።

«ለቶሎሳ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ዋሾ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እሱ እጃጂ ላይ ተሸካሚ ሆኗል። ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።