ባንዲራ ብቻ የሚሰቀልበት ትምህርት ቤት

ልጄን የመንግሥት ትምህርት ቤት በማስገባቴ የሚያደንቀኝ ሰው አለ። በተለይ ከሌላ አገር መጥተው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ጎረቤቶቼ ትልቅ ሐሳብ ያለኝ ይመስላቸዋል። "ሃይማኖት የሌለበት ትምህርት ቤት መምረጥሽ ብልህነት ነው" ይሉኛል። ብልህነት ብሎ ነገር! ልጄ አባቷ መሞቱን እንዳትሰማ ነበር የፈለግሁት፣ ይኸው ነው።

ባለቤቴ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። ስንጋባ የእሱም ወገን የእኔም ወገን አኮረፈን፤ ልጅቷ ስትወለድ ቀስ በቀስ ታረቁን። ገበያው ደግሞ "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" እያለ ይቀልድብን ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል። ቤታችን ሥጋ አይገባም፤ እሱ የክርስቲያን ሥጋ አይበላ፣ እኔ የእስላም ሥጋ አልበላ። ስለዚህ ዓሣ እንበላለን። ዓሣ አይታረድማ፣ በላዩ ላይ ማንም ምንም አይልበትም። ዓሣው ከሐይቁ በወረታ በኩል ሲመጣ እሱ ራሱ ይገዛና ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቅርፊቱን ይፍቃል። ልጅቷንም ክርስትና አላነሣናት፣ ቁርአንም አላስቀራናት። "ትደግና ትምረጥ" ይል ነበር። እኔም እሺ አልኩ፤ ጊዜ ያለን መስሎኝ።

ከዚያ ታመመ፣ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተኛ፣ ሞተ። ከዚህ በላይ ማውራት አልችልበትም። ወገኖቹ ወደ አገሩ ወደ ሐሙሲት ወስደው ቀበሩት። ልጄን ለጎረቤት ትቻት ነበር የሄድኩት። ስመለስ በር ላይ ጠብቃ "አባዬስ?" አለችኝ። "ባሕር ዳር ሥራ አግኝቶ ቀረ፣ ይመጣል" አልኳት። አስቤ የተናገርኩት አይደለም፣ አፌ ነው ያለው። አንዴ ካልኩት በኋላ ግን መመለሻ አጣሁለት። ለጎረቤቱም ለዘመዱም ልጅቷ ፊት እንዳታነሡት ብዬ ለመንኩ። ቤቴ ለሚመጣ ለቀስተኛ ሳይቀር ልጅቷ ከገባች ወሬ ቀይሩ እላለሁ።

አላለቀስኩም። ለቅሶ ቤት ሴቶቹ ደረት ሲመቱ እኔ ግድግዳው ላይ የተላጠ ቀለም እያየሁ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ አንዷ "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ስትል ሰምቻለሁ። እንዲሰማኝ ብላ ነው ያለችው። ይቅር ይበላት፣ ያን ጊዜ እንኳ አልተናደድኩም። "የሞተ ተጎዳ" ይሉኛል፣ አዎ እላለሁ። "ልጅሽን ያሳድግልሽ" ይሉኛል፣ አሜን እላለሁ። እጄ ሽሮ ያማስላል፣ እግሬ ቢሮ ይሄዳል፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ እኔ ግን በነገሩ የለሁበትም። ቅዝቃዜ እንኳ አይሰማኝም ነበር፣ በደብረ ታቦር ብርድ!

በዚያ ዓመት በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤት ይከፈት አይከፈት አይታወቅም ነበር። ተከፈተ ሲባል ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ ተሯሯጠ። ልጄም አንደኛ ክፍል መግባት ነበረባት። በእኛ ሰፈር ደህና የሚባሉት ትምህርት ቤቶች በየደብሩ ቅጥር ያሉት ናቸው፤ ታላቅ እኅቴም ከእኔ ቀድማ ከአንዱ ተነጋግራ ቦታ አስይዛላት ነበር። የባለቤቴ እናት ደግሞ መንገድ ሲከፈት በሚኒባስ ከሐሙሲት መጡና በመስጊዱ በኩል ያለው ይሻላል አሉ። እንግዲህ ሁለቱም አባቷን አጥታለችና ቶሎ ብለን እንሰብስባት ነው ሐሳባቸው። አልፈረድኩባቸውም። ልጅቷን ለእኅቴ ትቼ ሁለቱንም ትምህርት ቤት ሄጄ አየሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተጠርጎ የጸዳ ነው። ጽዱ ብቻ ሳይሆን ልጆቹ ረጋ ያሉ፣ መምህሯም ፊቷ ብሩህ የሆነ ልጅ እግር ሴት ናት። ክፍሉን አሳየችኝ፣ ወንበሩ ሁሉ የተሟላ ነው። "አባቷ አሉ?" ስትል ጠየቀችኝ። አሉ አልኳት። "ወላጅ የሞተባቸው ካሉ ብዬ ነው" አለች፣ "ጠዋት ስንጸልይ እነሱን ፊት እናቆምና ነፍስ ይማር እንላለን፣ ልጆቹን ደስ ይላቸዋል።" እውነቷን ነበር፣ በበጎ ነው ያለችው። እኔ ግን እኅቴ ነገሩን እንደነገረቻት ከዓይኗ አወቅሁ። አመስግኜ ወጣሁ።

በመስጊዱ በኩል ያለው ደግሞ ገና በሩን ሳልፍ አስተማሪው ለዩኝ። ልብሳቸውን ባለቤቴ ነበር የሚሰፋላቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው መዳፋቸውን ዘረጉና አላህ ይዘንለት ብለው ዱዓ ጀመሩ፤ ክፍል ሙሉ ልጅ ጮክ ብሎ "አሚን" አለ። ስለ እሱ ያን ያህል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እንዴት ያለ ሰው ነበር መሰለሽ፣ እጁ ወርቅ ነበር አሉኝ። ነበር ነበር ሲሉ ልጄ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ የሚለው ብቻ ነው ያሰብኩት። እሳቸውንም አመስግኜ ወጣሁ።

የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ከታች፣ ከወንዙ ማዶ ነው። አጥሩ ግማሹ የለም። ርእሰ መምህሩ አቧራ የጠገበ ኮት ለብሰው ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ዘግነው ሰጡኝ። ስለ አባቷ አልጠየቁኝም። ዕድሜዋን ብቻ ጠየቁኝና "ወንበር የለም፣ ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ እንዳትታዘቢን" አሉ። ጠዋት ጠዋት ምን ትላላችሁ አልኳቸው። አልገባቸውም። ጸሎት አለ ወይ ማለቴ ነው አልኩ። ሳቁ።

"ባንዲራ እንሰቅላለን፣ የሕዝብ መዝሙር እንዘምራለን፣ እንገባለን። ሌላውን በየቤታችሁ።"

እዚያው አስመዘገብኳት። ልጅ ለማስተማር ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚመረጥ ብጠየቅ የምመልሰው የለኝም፤ እኔ የመረጥኩት ዝምታውን ነው።

ቤት ስመለስ ሁለቱም ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል፤ እኅቴ በአንድ በኩል፣ አማቴ በሌላ በኩል። ልጅቷ ደጅ ትጫወታለች። ነገርኳቸው። እኅቴ ብድግ አለች። ቦታ አስይዤላት፣ ሰው ለምኜላት፣ ድንጋይ ላይ ልታስቀምጫት ነው ወይ፣ የእናታችን አጥንት ይውቀስሽ አለችኝ። እትዬ፣ እሺ በይኝ አልኳት። እሺ የሚል ሰው አይደለችም፤ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቤቴ አልመጣችም።

አማቴ አልተነሡም። ልጅቷን መንግሥት ነው እንዴ የወለዳት አሉ። እንደማይቆጡኝ አውቃለሁ፤ ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ቆጣ ማለትም ደክሟቸዋል። ሻይ ልቅዳልዎ ስላቸው እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

"ለዚህ ነው አይደል? እንዳትሰማ?"

አዎ አልኳቸው።

"እስከ መቼ?"

"እስክታድግ፣ እማማ። እስክትችለው።"

"እኔ መቼ አድጌ ቻልኩት?" አሉኝ።

መልሴን አልጠበቁም። ተነሥተው ውጭ ወጡና የልጅቷን ፀጉር ሲያበጥሩላት ዋሉ። ማታውን አድረው በነጋታው ጠዋት ወደ ሐሙሲት ሄዱ።

ትምህርት የጀመረች ዕለት እኔው ወሰድኳት። በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ቆሜ አየሁ። ልጆቹ ተሰለፉ፣ ባንዲራው ወጣ፣ ገመዱ መሐል ላይ ተያዘና አንድ አስተማሪ እየታገለ አስለቀቀው። ዘመሩ፣ ገቡ። ሌላ ምንም የለም። እፎይ አልኩ፣ እሱ ከሞተ ጀምሮ እፎይ ብዬ አላውቅም። ልጄ እዚህ ማንም ነፍስ ይማር አይላትም፣ ማንም አላህ ይዘንለት አይላትም፣ አባቷ ባሕር ዳር እንደሆነ ይቀመጥላታል አልኩ። ቢሮ ገብቼ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ቆየሁና አስፈቅጄ ቶሎ ቤት ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ራሷ መጣች፣ ከሰፈር ልጆች ጋር። ቀሚሷ ከኋላ አፈር ብቻ ሆኗል። እጇን አስታጠብኳትና ምሳዋን በሳህን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ካላጎረስኳት አትበላም ነበር ያን ሰሞን። እንዴት ነበር አልኳት። ጥሩ ነው አለች። ጓደኛ አገኘሽ አልኳት። አገኘሁ አለች። በእረፍት ሰዓት ሴቶቹ ልጆች የያዙትን ለመብላት ለሁለት ተከፍለው ይቀመጣሉ፣ የእስላምና የክርስቲያን ብለው። እሷ መሐል ቆመች። አንዷ "አንቺ ከየትኞቹ ነሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"እና ምን አልሻት?"

"አባቴ ሞቷል አልኳት።"

ጉርሻው እጄ ላይ ነው።

"ከዚያ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ" አለች። አፏን ከፍታ ጉርሻዋን ጠበቀች። አጎረስኳት። አላምጣ እስክትውጥ ጠበቅሁ።

"ማን ነገረሽ?"

"የጎረቤት ልጆች። ያኔ ከእነሱ ጋ የዋልኩ ጊዜ።"

"ያኔውኑ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ልትነግረኝ የማይገባት ነገር እንዳመለጣት ሰው ፈራ ተባ አለች።

"አንቺ ይመጣል ትያለሽ። አታውቂም ብዬ ነው" አለች። "እንዳታለቅሺ ብዬ።"

ያን ሁሉ ጊዜ! እኔ ጎረቤት ስለምን፣ ለቀስተኛ ስገሥጽ፣ ከእኅቴ ስጣላ፣ ልጄ ደግሞ በበኩሏ ሞቱን ከእኔ ደብቃ ይዛው ኖራለች። ይመጣል ባልኳት ቁጥር እሺ ስትለኝ የኖረችው ለእኔ ብላ ነው። ቤት ውስጥ የሚያጽናናት ሰው እንዳይኖር ያደረግሁት እኔው ነኝ፤ ያጽናኗት ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ስማቸውን የማታውቃቸው ልጆች ናቸው።

"አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ" አልኳት። "እኔም አውቃለሁ።"

አሰበችበት።

"አንቺን ማን ነገረሽ?"

ነርሷ አልኳት። ሐኪም ቤት፣ ኮሪደር ላይ፣ ውኃ ላመጣለት ወጥቼ ስመለስ። እንዴት እንደ ነበር ንገሪኝ አለችኝ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ አልጋው የት እንደ ነበር፣ ምን ለብሶ እንደ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ስለ እሷ ምን እንዳለ። መሐል ላይ እንባዬ መጣ። ልጄ ሳህኑን ከእጄ ወስዳ መሬት አስቀመጠችና አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።