አይተውት የሚሄዱት ክፍሌ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ እኔና ዘይነባ ግድግዳ ተጋርተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም ከተማውን ሊያዩ ለሚመጡ ፈረንጆች ክፍል እናከራያለን። የሚያድሩት ግን እሷ ዘንድ ነው።

እንዴት እንደሚያንገበግብ ልንገራችሁ። አስጎብኚው ፈረንጁን መጀመሪያ እኔ ቤት ያስገባዋል። ፈረንጁ አልጋዬን ያያል፣ ጣራዬን ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ፈገግ ብሎ ያመሰግናል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ዘይነባ ቤት! እሷ አምስት ብር ስትል እኔ ሦስት አልኩ። ወደ ሁለትም ወረድኩ። እንደሷ ላሳምር ብዬ ግድግዳዬን በስፌት ሞላሁት፤ ሚስማሩ አልይዝ ብሎ አንዱ ሰፌድ እንግዳ ራስ ላይ ወደቀ። እሱም አመስግኖኝ ሄደ። ከግድግዳው ማዶ ከሷ ጋር ሲሳሳቁ ስሰማ አንጀቴ ያራል።

በመጨረሻ ተናድጄ ክፍሉን ለፈረንጅ ዘጋሁና ሽንኩርት አስቀመጥኩበት።

ብዙም ሳይቆይ ዘይነባ ሐልዋ በሳህን ይዛ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። ‘ተመስገን፣ እሷም የሚከፋት ቀን አለ ለካ!’ አልኩ በሆዴ።

«አስካለ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ክፍሉን መልሰሽ ክፈቺው» አለችኝ።

«አንቺን ምን ሊረባሽ?»

«ወላሂ ተቸግሬያለሁ። አስጎብኚውን ‘መጀመሪያ አስካለ ቤት አስገባቸው’ እለው ነበር። ያንቺን ክፍል አይተው ሲመጡ አምስት ብር ስላቸው አንድም የሚከራከረኝ አልነበረም። አሁን ሁሉም ውድ ነው ይለኛል!»