ከቡትቶ የወጣ ቃል

የእጅ ጽሑፌ ጠማማ ነው፤ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ይቅርታ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰው ሲያናግረኝም አንገቴን እደፋለሁ። ይህን ግን ቀና ብዬ ነው የምጽፈው።

ልጅ ሳለሁ አቃቂ በሰቃ፣ አባባ ከምላቸው አያቴ ጋር እኖር ነበር። አባባ ቆራሌ ነበሩ፤ ጆንያ ተሸክመው «ቆራሌው» እያሉ በየሰፈሩ ይዞሩና ያረጀ ጫማ፣ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ልብስ ይገዛሉ። ሲመሽ ያመጡትን ግቢው ውስጥ ይዘረግፉታል። መዳቡን ለማውጣት የመብራት ሽቦ ሲያቃጥሉ ጭሱ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ፍሙ ሲቀላ እኔ ፋኖሱን እይዝላቸውና እሳቸው ቡትቶውን እያገላበጡ ይለያሉ። ያኔ ነበር ተረት የሚነግሩኝ። ተረታቸው ስለ ጅብና ቀበሮ ሳይሆን ስለ ቃላት ነበር። በወጣትነታቸው ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆነው እንግሊዝኛ ተምረዋል፤ ከውዳቂ መሀል ያገኙት ሽፋን የሌለው ዲክሽነሪም ነበራቸው።

ሰው መጠቀም የተወውን ቃል ሲያነሱ «ይሄኛው ሞቷል» ይሉኛል፣ ጎረቤት የሞተ ይመስል። «ቀባሪ እንኳ አላገኘም፣ ምስኪን።»

አንድ ምሽት ስለ «ስክሩቲን» ነገሩኝ። እንግሊዞች ድሮ መመርመር ለማለት ይጠቀሙበት ነበር፤ ዛሬ የሚለው የለም። የመጣው ከላቲን ነው። በላቲን ቡትቶና ውዳቂ ዕቃ «ስክሩታ» ይባላል፤ መመርመርም ቡትቶውን ሳይቀር አገላብጦ መፈለግ ነበር።

አባባ የአንድ አሮጌ ኮት ኪስ እየገለበጡ «አየሽ» አሉኝ፣ «ዳኛውም ሐኪሙም ሥራውን የወሰደው ከእኛ ነው።»

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የእንግሊዝኛ ቲቸራችን «ስክሩትኒ» የሚል ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ጥብቅ ምርመራ ማለት እንደሆነ ነግሮን «የትልልቅ ቢሮ ቃል ነው» አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ።

«ከቡትቶ ነው የመጣው» አልኩ።

«ማነው ያለሽ?»

«አያቴ።»

ከኋላ አንዱ እንደ አባባ ድምፁን ጎትቶ «ቆራሌውውው» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ቲቸርም ሳቀ።

«በይ፣ ተሳስቻለሁ በይና ተቀመጪ።»

«አልተሳሳትኩም።»

«እንግዲያው ዲክሽነሪውን አምጥተሽ እስክታሳዪኝ ቆመሽ ትማሪያለሽ።»

በእሱ ክፍለ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ቆሜ ተማርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ቀሚሴን እየጎተተች «ባክሽ አምጪውና ይለቅሽ» ትለኛለች፤ ቀሚሴን ከእጇ አስለቅቄ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ። በአሥረኛው ቀን ቲቸር ራሱ ሰልችቶት «በቃ ተቀመጪ፣ ግትር» አለኝ። ተሳስቻለሁ ሳልል ተቀመጥኩ። ልጆቹ የአያቴን መጽሐፍ ቲቸር እንዳይነካብኝ ብዬ ያላመጣሁት መሰላቸው። ይምሰላቸው ብዬ ተውኩት።

ለማንም ያልነገርኩት ይሄ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ አባባ ጆንያቸውን ሲሰፉ ዲክሽነሪውን በስውር ከፍቼ ነበር። ቃሉ ያለበት ገጽ የለም፤ ከነጎረቤቶቹ ተገንጥሏል። አባባ ድሮ አንብበውት ይሁን ከራሳቸው አምጥተውት አላውቅም፤ አልጠየቅኳቸውም። ከማግስቱ ጀምሮ የቆምኩት ገጹ እንደሌለ እያወቅኩ ነው፤ ዛሬም ቢያስቆሙኝ እቆማለሁ።