ሆሞሻ ላይ ያልተረጎምኩት

ይህን ነገር እስካለፈው ክረምት ድረስ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለባለቤቴም አልነገርኳት፤ ሰግጄ ስነሳም በአላህ ፊት አንስቼው አላውቅም። አሁን አርጅቻለሁ። ዝም ማለቱም ደክሞኛል።

ክልሉ ገና ሲቋቋም አሶሳ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። በርታኛም አማርኛም ስለምችል ለእንግዳ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ ሴት ከነቀምት መጡ። አያታቸው በልጅነቷ ከሆሞሻ አካባቢ ተወስዳ በባርነት የተሸጠች ናት። ዘመዶቿን ፍለጋ ቤተ ክርስቲያንም ፍርድ ቤትም መዝገብ አስገልጠው ምንም አላገኙም። በእጃቸው የቀረው የልጅቷና የአባቷ ስም ብቻ ነበር። «እዚህ አገር ዘር የሚገኘው ወረቀት ላይ ሳይሆን ሽማግሌ አፍ ላይ ነው» ብዬ ሆሞሻ፣ ሼህ ኢድሪስ ዘንድ የወሰድኳቸው እኔው ነኝ። ሼህ ኢድሪስ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የያንዳንዱን ቤተሰብ ትውልድ ግን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር።

ሁለቱን ስሞች ስነግራቸው ብዙም አላሰቡም። የልጅቷ የወንድሟ ልጅ፣ ሃዋ የምትባል፣ ከወንዙ ማዶ እንዳለች ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅቷን ለነጋዴ የሸጣት ያንተው አያት ነው። ይህንንም ንገራት» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሰው ሲሾም የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቅ ነበር። የእኔም ስም ለወረዳ ሹመት ቀርቦ ነበር፤ ያቀረበኝም የአያቴ የደግነት ዝና ነው። ሃዋን ካገኙ የአያቴም ነገር መውጣቱ አይቀርም። ወደ ወይዘሮ ዘነበች ዞሬ፣ «አላስታውስም ነው የሚሉት» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ?

አንገታቸውን ደፉ። የሽማግሌውን እጅ ስመው ተነሱ።

ሼህ ኢድሪስ ግራ ገብቷቸው፣ «ነገርካት?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አላለቀሰችም?»

ጠንካራ ሴት ናት አልኳቸው። አንዱን ውሸት በሌላ ሸፈንኩት።

ወይዘሮ ዘነበች ሲሳፈሩ ስለ ድካሜ እግዚአብሔር ይስጥህ ብለውኝ ሄዱ። እኔም ተሾምኩ። ሼህ ኢድሪስ ሞቱ። ከነቀምት ሰው በመጣ ቁጥር ወይዘሮ ዘነበች የተገኘ ነገር አለ ወይ ብለው ይልኩብኝ ነበር። የለም እል ነበር። አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ እንዳልል፣ በተጠየቅኩ ቁጥር እንደገና አደረግኩት። ባለፈው ክረምት ማረፋቸውን ሰማሁ። ያኔ ነው ሆሞሻ ወርጄ ለሃዋ ሁሉንም የነገርኳት።

ሃዋ አሁን አሮጊት ናት። ማሽላ ትለቅም ነበር፤ መልቀሟን አቆመች። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አያትህ እንደሸጣት አባቴ ነግሮኛል» አለችኝ። «እዚህ ቀበሌ የማያውቅ ሰው የለም። ስትሾም ዝም ያልነው የአያት ኃጢአት በልጅ ልጅ አይያዝም ብለን ነው።»

እኔ ግን ያንን ለመደበቅ ሁለት ሰዎችን ለያየሁ።

ሃዋ ማሽላውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ «አባቴ እስኪሞት ድረስ እህቱን ይጠራ ነበር። ያቺ የልጅ ልጇ ማንን ትመስል ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ።

ልነግራት ሞከርኩ። ነጠላቸው ትዝ አለኝ፣ ድምፃቸው ትዝ አለኝ። ፊታቸው ግን የለም። ከዋሸኋቸው በኋላ ቀና ብዬ አላየኋቸውማ። ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሞተዋል፤ ለሃዋም የፊታቸውን መልክ እንኳ ልሰጣት አልቻልኩም።