መቀስና የአለቃዋ የቤት ሥራ

«መቀስ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የመሐንዲሶች የቴሌግራም ግሩፕ አባላት ናቸው። ግሩፑን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ የቤት ሥራ ካየች ደግሞ ዓይኗን ሳታሽ ነው የምትሰርዘው። ኧረ ተማሪ ጠልታ አይደለም! ሕጓ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የሞከርከውን አሳይ፣ የት ጋ እንደጠፋብህ ተናገር፣ ያኔ እናግዝሃለን። ባዶ እጁን መጥቶ «ቶሎ በሉ፣ ነገ ነው የማስረክበው» ለሚል ግን ምሕረት የላትም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ተለጠፈ፦ «ደንበኛዬ ስድስት ሜትር የኮንክሪት ቢም ሊያሠራ ነው። የቢሙ የራሱ ክብደት አይታሰብ። ውስጡ የሚገባውን ብረት አስሉልኝ፤ አስቸኳይ ነው።»

መቀስ በሳቅ ፈረሰች። ክብደት የሌለው ኮንክሪት የት አገር ነው ያለው? ቢም ማለት ጣሪያ የሚሸከም አግዳሚ ነው፤ ክብደት የሌለው ዓይነቱ ከመምህር ጥያቄ ውጭ በቅሎ አያውቅም! የጠያቂውን ስም ስታይ ግን ሳቋን አቆመች። የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ ነው። ስንት ዓመት የለፋችበትን የቡድን መሪነት ሹመት የሚፈርመውም እሱ ነው።

ሰረዘችው።

ወዲያው ቢሮው አስጠራት። «እኔን ነው የምትሰርዢው?»

«የቤት ሥራውን ነው፣ ኢንጂነር።»

«የቤት ሥራ ነው ማን አለሽ?»

«ክብደት የሌለው ቢም ያዘዘውን ደንበኛ ያሳዩኝና እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እሺ፣ የልጄ ነው! አንዴ ብትረዷት ሰማይ ይደፋል? መልሰሽ ለጥፊው። ሹመትሽ ገና አልተፈረመም።»

እውነቱን ለመናገር ሹመቱን ትፈልገዋለች። ሥራ ያስተማረቻቸው ልጆች ሁሉ በሹመት አልፈዋታል።

«እንግዲያው አይፈረም» አለች። «ልጅዎ ነገ ሰው የሚኖርበት ቤት ልትሠራ ነው። ሒሳቡን እኛ ሠርተንላት ጣሪያው የማን ራስ ላይ ይውረድ? ራሷ ትምጣና ትጠይቅ፤ እስኪገባት አልለያትም።»

ማታ ባሏ ሰምቶ ራሱን ያዘ። «አንቺ ሴትዮ፣ ከአለቃ ጋር እልህ ተጋብተሽ የት ልትደርሺ ነው?»

«የትም! እዚያው ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ።»

ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንገበገባት። ሆኖም መሥሪያ ቤት ውስጥ አንገቷን ደፍታ ያያት የለም።

በሳምንቱ ግሩፑ ላይ አንዲት ልጅ ብቅ አለች። «ተማሪ ነኝ፣ የቤት ሥራ ነው። ሞክሬ እዚህ ጋ ጠፋብኝ» ብላ፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ወረቀት ፎቶ አንስታ ለጠፈች። ከስሟ ቀጥሎ ያለው የአባት ስም የመቀስ አለቃ ስም ነው።

«መቀስ የት ሄደች?» ብሎ አንዱ አላገጠ።

«አለሁ! ማንም እንዳይነካት» አለች መቀስ። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ በርቺ።»

«እትዬ፣ አባዬ ከእርስዎ ጋር እንዳልጻጻፍ ተቆጥቶኛል» አለች ልጅቷ።

አለቃዋ እንደሚያነብ እያወቀች፣ መቀስ እዚያው ሁሉም ፊት መለሰችላት፦ «አባትሽ ከእኔ የሚወስደው አልቀረውም። ይልቅ ንገሪኝ፣ ጭነቱን እዚህ ጋ ለምን ቀነስሽው?»