የጋሽ ዱካሞ ሁለት ዋንዛዎች

ይህን ለሚስቴም ለፓስተሬም ተናግሬ አላውቅም። መጀመሪያ የምትሰማው አንተ የምታነበው ነህ። የጋሽ ዱካሞን ሁለት ዋንዛዎች ያደረቅሁት እኔ ነኝ።

ቡሹሎ በምትባለው መንደራችን የኔና የሳቸው ማሳ ይዋሰናል። እኔ መሬቴን እስከ መጨረሻዋ ቁጥቋጦ መንጥሬ በቆሎ ብቻ ስዘራ፣ ሽማግሌው በበቆሎውና በቦሎቄው መሀል ዛፍ ይተክሉ ነበር። ገበሬ ነዎት ወይስ የደን ጠባቂ እያልኩ ሰው ፊት አላገጥሁባቸው። «ጥበቃው ለአንተም ይተርፋል» ብለው ሳቁ።

የሁለቱ ዋንዛ ጥላ ድንበር ተሻግሮ ሦስት ትልሜን ነካ። ለሦስት ትልም ብዬ፣ እሳቸው ለቅሶ በሄዱበት፣ ገጀራ ይዤ ገባሁ። የሁለቱንም ቅርፊት ዙሪያውን ላጥሁት፤ ቁስሉን በጭቃ ለሰንሁት። እንዲህ የተላጠ ዛፍ ቆሞ እንደሚሞት አውቅ ነበር።

ቅጠሉ ሲጠወልግ ጠርተው አሳዩኝ። ምስጥ ነው አልኳቸው፣ ዓይኔን ሳላሽ። ምን አደረጉ? በማግስቱ አንድ ጆንያ አመድ ተሸክመው ደጄ መጡ።

«ምስጡ ወደ ቤትህ ምሰሶ እንዳይሻገር ዙሪያውን ነስንስ።»

ተቀበልኩ። አመሰገንኩም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በዚያው ዓመት፣ በቆሎው ሊያሸት ሲል ዝናቡ ቀረ። የኔ ከነአገዳው ነደደ፤ የሳቸው አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ሄጄ አፈሩን ነካሁት። ከዘር በፊት ቅርንጫፍ እየገረዙ መሬቱን ያለበሱት ቅጠል ስር እርጥብ ነው። የተቃጠለው ሁለቱ ዋንዛ የደረቁበት ጥግ ብቻ ነበር። ያኔ ፊደል አላውቅም፤ ያንን ግን አነበብኩት።

እሸት ላኩልን፣ በላን። ችግኝ ሰጡኝ፣ አገራረዙንም አሳዩኝ። ችግኙ ዛፍ ሆኗል። ዘንድሮም ዝናቡ ዘገየ፤ በቆሎዬ ግን አልጠወለገም። ከከተማ የሚመጡት ባለሙያዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ገና ያወራሉ፤ ሽማግሌው ማንም ሳይነግራቸው መፍትሔውን በእጃቸው ሠርተው ጨርሰዋል።

በአርባ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት አፌ ያልደፈረውን ልጽፍ ይሆን? ዛሬ ጠዋት አየኋቸው። ወገባቸው ጎብጦ፣ በቀሩት ዋንዛዎች ስር አመድ ይነሰንሳሉ። በየዓመቱ፣ በኔ ቃል፣ ያልነበረ ምስጥ ይከላከላሉ።

ደሃ ነበርኩ፣ አላዋቂ ነበርኩ አልልም። ይህን ወረቀት አጥፌ ድንበሩን እሻገራለሁ። የአመዱን ጆንያ ከእጃቸው እቀበልና እነግራቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ አመዱ ይብቃዎት። ምስጡ እኔ ነበርኩ።»