የሲስተሮቹ ቀዝቃዛ ክፍሎች

ሲስተር በለጠች ምን ዓይነት ሰው ናት ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ወላሂ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። ባወቅኳት ቁጥር ግራ ታጋባኛለች። እኔ ሃሊሞ ነኝ፣ ቀፊራ ገበያ ሽርጥና ሻሽ የምሸጥ። እሷ መነኩሴ ናት፣ ከዚራ ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። ልጄ ሳብሪን እዚያ ትማራለች። አንቺ የምላት ንቄያት አይደለም፤ ድሬ ውስጥ አንቱታ አይበረክትም፣ እሷም ከከምባታ መጥታ ወዲያው ለመደችው።

ስትመጣ ትምህርት ቤቱ እየሞተ ነበር። የታችኞቹ ክፍሎች ደህና ናቸው፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ግን በቆርቆሮ ክፍል ነው የሚማሩት። የድሬን ግንቦት ያየ ያውቀዋል። ልጁ አፍንጫው ይደማል፣ ራሱን ይስታል። ወላጅስ ምን ያድርግ፣ ልጁን እያስወጣ ቬንትሌተር ወዳለበት ይወስዳል። የሲስተሮቹ አለቆችም በሚቀጥለው ዓመት የላይኞቹ ክፍሎች ካልሞሉ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል ብለው ቁርጡን ነገሯት። ይሄን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ሳብሪን ትንተባተባለች። ሁለት ትምህርት ቤት ውስጥ ስቀውባት አፏን ዘግታ ከርማለች፤ መናገር የጀመረችው እዚህ ነው። ይሄ ከተዘጋ ልጄ ተመልሳ ዝም ልትል ነው።

ሲስተር የወላጆች ስብሰባ ጠራች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በዚያ ሙቀት። በዚያ ሰዓት ድሬ ውስጥ ሰው ለገዛ ሰርጉም አይነሳም፤ የሚተኛው ተኝቷል፣ የሚቅመው ይቅማል። የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሳበችልኝና "ሃሊሞ፣ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። እኔን ነው የምትጠይቀው። "ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከመግሪብ በኋላ ጥሪ" አልኳት። "እንግዲያው አንቺ ጥሪያቸው" አለች። ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሽርጥ ሻጭ የካቶሊክ ስብሰባ ልጠራ? የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ቢሆንም ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ጠራሁ።

በሳምንቱ ከመግሪብ በኋላ ግቢው ሞላ። ሁላችንም ትእዛዝ ልንሰማ ነው የመጣነው። እሷ ግን መሃላችን ቁጭ ብላ፣ "ልጆቹ ለምን እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ምን ማድረግ እንዳለብን ግን አላውቅም፣ ንገሩኝ" አለች። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የሒሳብ አስተማሪው ጋሽ ዘገዬ ለጡረታ የደረሱ ደገኛ ናቸው፤ ይሄን ሁሉ ዘመን ድሬ ኖረው አንቱታው አልለቀቃቸውም። "ሲስተር፣ እርስዎ ይወስኑ፣ እኛ እንፈጽማለን። ደንቡ እንደዚያ ነው" አሉ፣ ቅር ብሏቸው። "ብቻዬን ወስኜ ስሳሳት ማን ይነግረኛል ጋሼ?" አለቻቸው። ጋሽ ዘገዬ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀመጡ።

ከዚያማ ወሬው ደራ። ባለባጃጁ ፈሃድ ቆርቆሮውን በሳር እንሸፍነው አለ። ሌላው ዛፍ ሥር ይማሩ አለ። አንዱ በኦሮምኛ ያቋርጣል፣ አንዷ በሶማሊኛ ትስቃለች። ሲስተር ሁሉንም ሰምታ "ሌላስ? ሰው የፈራው ሐሳብ የለም?" ትላለች። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዓይኔ ግቢው ጥግ ያለው የሲስተሮቹ ቤት ላይ አረፈ። ከባቡሩ ዘመን የቀረ ቤት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ሦስት ክፍል አለው። ሁለት ሲስተሮች ናቸው የሚኖሩበት፣ እሷና አንዲት አሮጊት። "እናንተ ያላችሁበትስ?" አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ምነው ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ። ጋሽ ዘገዬ ብድግ ብለው "ነውር ነው ሃሊሞ! መነኩሴ ከቤቷ ትውጣ ትያለሽ?" አሉ። ሲስተር ግን "ይቀመጡ ጋሼ፤ ይሄም እንደሌላው ሐሳብ ነው፣ እጅ ይውጣበት" አለች። መጀመሪያ ማንም አላወጣም። ቀጥሎ አንዲት እናት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ በኋላ ጋሽ ዘገዬ ራሳቸው እያጉረመረሙ አወጡ። የሲስተር እጅ ጉልበቷ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። አሮጊቷ ክፍሏን እንድትይዝ፣ ሁለቱ ለሰባተኛና ለስምንተኛ እንዲሆኑ ተባለ። "እሺ፣ አለቆቼን አስፈቅዳለሁ" አለች፣ በቃ። እኔ ወደ ቤቴ ስሄድ ያሸነፍኩ ልሁን ያጠፋሁ አልገባኝም።

አለቆቿ ፈቀዱ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ፣ ልጆቻቸውን ያስወጡት ሁሉ ለምዝገባ ተሰለፉ። በነሐሴ የላይኞቹ ክፍሎች ሞሉ፣ መዘጋቱም ቀረ። ሳብሪን ሰባተኛ ገባች። ደስ ብሎኝ ለሲስተር ልነግራት ስሄድ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ የብረት አልጋዋን ግቢውን አቋርጣ ስትጎትት አገኘኋት። ወዴት ነው ብላት ወደ ቆርቆሮው ክፍል ጠቆመችኝ።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን እኔም አላውቅ። "ለምን እምቢ አላልሽም? ርዕሰ መምህሯ አንቺ አይደለሽ እንዴ?" አልኳት።

አልጋውን መሬት አስቀምጣ ላቧን ጠረገች። "እምቢ ማለትማ ፈልጌ ነበር" አለች። "ያቺን ክፍሌን በጣም ነው የምወዳት። ግን ያን ቀን እምቢ ብልሽ፣ ሁለተኛ አፍሽን ትከፍቺ ነበር?"

እውነቷን ነው፣ አልከፍትም ነበር። ጎንበስ ብዬ የአልጋውን አንድ ጫፍ ያዝኩ። ብረቱ ግሎ እጄን አቃጠለኝ። "ቀስ፣ በሩ ጠባብ ነው" አለችኝ፣ አልጋውን ይዘን ወደ ቆርቆሮው ክፍል ገባን።